ለስምጥ ሸለቆ ውሃ የሚታነጽ ክሪስታል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እ.ኤ.አ. የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ መሰጠቱ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊታለፍ አይገባውም፤ በስምጥ ሸለቆ እንደሚኖር አንድ የኬሚስትሪ መምህር ጉዳዩ ደጃፋችን ላይ ያለ መሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እወዳለሁ።

ሰዎቹ የተሸለሙት የብረታ ብረት አዮኖችን (ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አተሞች) እንደ ማዕዘን፣ ካርቦን ያላቸውን ሞለኪውሎች እንደ ወጋግራ እያጋጠሙ ውስጡ ክፍት የሆነ ክሪስታል በመሥራታቸው ነው። ያጊ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረገው ክሪስታል፣ ጥቂት ግራሙ ብቻ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል የውስጥ ገጽ አለው። ማዕዘኑን ወይም ወጋግራውን በመለወጥ ቀዳዳው ምን ያህል እንዲሰፋና ምን እንዲይዝ አስቀድሞ መንደፍ ይቻላል። ሮብሰን ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1974 በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ፣ አተሞችን የሚወክሉ የእንጨት ኳሶችን ሲያዘጋጅ መሆኑ እንደ መምህር ልቤን ይነካዋል፤ ቀዳዳዎቹ በትክክለኛው ቦታ ከተበሱ፣ የሞለኪውሉ ቅርጽ አስቀድሞ በኳሶቹ ላይ እንዳለ ያስተዋለው ያኔ ነበር።

በእኔ ክፍል ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ልጆች አሉ። ጥርሳቸው ቡናማ ሆኗል፤ የአንዳንዶቹም ጫፉ ተሸርፏል። ምክንያቱ በምንጠጣው ውሃ ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ካሉ ጉድጓዶች የብዙዎቹ ውሃ ግን ከዚህ እጅግ ያለፈ ነው። ጉዳቱ ሲበረታ ከጥርስ አልፎ አጥንትን ያጎብጣል።

አሉሚኒየምና ዚርኮኒየም ፍሎራይድን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ በእነዚህ ማዕዘንነት የሚታነጽ ክሪስታል ተስፋ የሚጣልበት ማጣሪያ ነው። ሆኖም የሸለቆው ውሃ ባይካርቦኔት የሚባል የሟሟ ንጥረ ነገር የበዛበት ነው፤ ይህም በክሪስታሉ ውስጥ ያለውን መያዣ ቦታ ከፍሎራይዱ ጋር ይሻማል፤ ከቀደሙት ክሪስታሎች አንዳንዶቹም እርጥበት ሲነካቸው ይፈርሳሉ፤ ዋጋውም ለገጠር ቦኖ ውሃ የሚመጥን መሆን አለበት። ስለዚህ ሌላ ቦታ በተጣራ ውሃ የተፈተነ ዱቄት ገዝቶ ማስገባት አያዋጣም፤ ንድፉ ከመጀመሪያው አንሥቶ በእኛው ጉድጓድ ውሃ እየተፈተነ መታረም ይኖርበታል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸውን በዚህ ጥያቄ ላይ እንዲያሠማሩ፣ የክሪስታልን አቀማመጥ የሚያሳየው የኤክስ ሬይ መሣሪያ ያላቸውም ለሌላቸው በራቸውን እንዲከፍቱ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም የኬሚስትሪ ተመራማሪዎችንና የወረዳ ውሃ ባለሙያዎችን በአንድ ገጽ ላይ ቢያወያይልን፣ የጉድጓዶቻችንን ውሃ ናሙና ከተማሪዎቼ ጋር ቀድቼ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከባቱ