ረጅም ወረፋ የጤና ምልክት አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእጅ ስለሚሠሩ ብስክሌቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ በየአካባቢው ባሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ለደንበኛ በልኩ ፍሬም የሚሠሩ ባለሙያዎችን ካርቦን ፋይበር የተባለው ክብደቱ ቀላል የሆነ የፍሬም መሥሪያ እንደገደላቸው፣ አሁን ደግሞ የኤግዚቢሽን ድምቀትና ዓመታት የሚፈጅ የትእዛዝ ወረፋ ነፍስ እንደዘራባቸው ይተርካል። አብዛኛውን ዕድሜዬን ቀጭን ቱቦ ስበይድ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የታሪኩ መነሻም መድረሻም መታረም እንዳለበት ይሰማኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይህ ሙያ በየከተማው ሊስፋፋ የቻለው ለምን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ በርሚንግሃሙ ቱቦ አምራች ሬይኖልድስ ሁለቱ ጫፎቹ ወፍራም፣ መሀሉ ግን ስስ ለሆነ ቱቦ በ1897 የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1935 ደግሞ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለበትን ‹531› የተባለ አረብ ብረት ለገበያ አቀረበ። ጫፉ የወፈረው የብየዳው ሙቀት የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው፤ መሀሉ የሳሳው ክብደት ለመቀነስ ነው። ለትንሹ ወርክሾፕ ትልቁ ቁም ነገር ግን ቱቦው ለማንም የሚሸጥ መሆኑ ነበር። ጋዝ፣ ሞርሳ፣ ጥቂት ሞረዶችና ትዕግሥት ያለው ሰው ስመ ጥሩው ፋብሪካ የሚጠቀምበትን ያንኑ ብረት እጁ ያስገባ ነበር። ስለዚህ አንዱን ሠሪ ከሌላው የሚለየው ዕቃው ሳይሆን ልኬቱና የእጁ ጥንቃቄ ነበር፤ በነሐስ ሲበይድ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በብር ሲበይድ ደግሞ 700 አካባቢ ደርሶ እዚያው መቆየት፣ ስሱን ብረትም አለማቃጠል። የለንደኑ ሄቺንስ የኋላ ቱቦዎቹን እንደ ሐረግ እያጣመመ ይሠራ ስለነበር ብስክሌቱ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ጥምዝምዙ ለፍጥነት የሚጨምረው ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ቢሆንም ውበቱን አልክድም።

ጽሑፋችሁ እነዚህ ሰዎች በትልልቅ ኩባንያዎች ዘመን ስማቸውን እንዳጡ በሐዘኔታ ይናገራል። እውነቱ ግን ብዙዎቹ ድሮም ቢሆን ከሌላ ስም ጀርባ ሆነው የሠሩ መሆናቸው ነው። ፋሊየሮ ማዚ በሚላኖ ከቪጎሬሊ የውድድር ሜዳ ሥር ባለው ወርክሾፑ ለታላላቅ ተወዳዳሪዎች የሠራቸው ፍሬሞች የቡድኖቹን ስፖንሰሮች ስም ተቀብተው ይወጡ ነበር። ቤልጂየማዊው ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ የተጠቀመበትን፣ ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች የሆነውን የብረት ብስክሌት የሠራው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነበር፤ በቱቦው ላይ የሚነበበው ግን ዊንድሶር የሚል የሌላ ኩባንያ ስም ነው። ስም ባይኖርም ሥራ ነበረ፣ ክፍያም ነበረ።

የዕለት እንጀራው ደግሞ ከዝነኞቹ አይመጣም ነበር። ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ይህንን ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልቆይ። በወርክሾፑ ዙሪያ የብስክሌት ክበቦች ነበሩ፤ አባላቱ እሑድ እሑድ ይወዳደራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሰኞ ዕለት የተጣመመ የፊት ሹካ ይዘው ይመጣሉ። ብረት ደግሞ ይታረማል፤ የተጨመደደው ቱቦ በሙቀት ከመገጣጠሚያው ወጥቶ በአዲስ ይተካል፣ ፍሬሙ ይቃናል፣ እንደገና ይቀባል። ከአዲስ ፍሬም የሚገኘው ገንዘብ ትልቅ ቢሆንም አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፤ ጥገናውና ቀለሙ ግን ሳምንት ሳያልፍ ይመጣል፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ክፍያውም ዕቃው ሲወጣ ይፈጸማል። ከሁሉም በላይ ሠሪው የራሱን ሥራ ተሰብሮ ስለሚያየው የቱ ጋ አብዝቶ እንዳሞቀ፣ የቱ ጋ አጉል እንደሞረደ ይማርበታል። እኔ ስለ ብየዳ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ተሰብሮ ከተመለሰ ሥራ ነው።

ይህ የክበብ፣ የጥገናና የወርክሾፕ ትስስር መፍረስ የጀመረው ካርቦን ከመምጣቱ በፊት ነው። በእንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ሠራተኛው ወደ ሞተርና ወደ መኪና ሲሻገር ብስክሌት የሚገዛው ሰው ቁጥር አሽቆለቆለ፣ በዘመናቸው ስመ ጥር የነበሩ ሠሪዎችም ለኪሳራ ተዳረጉ። ሁለተኛው ምት የመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከልኬቱ ነው። የታይዋኑ ጃይንት በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእንግሊዛዊው ማይክ ባሮውስ ንድፍ፣ የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ ዝቅ የሚልበትን ቅርጽ አወጣና የኮርቻውን ዘንግ ከፍ ዝቅ በማድረግ፣ መሪውንም የሚይዘውን ክፍል በመቀያየር ብዙውን ሰው በጥቂት መጠኖች ማስተናገድ እንደሚቻል አሳየ። ለፋብሪካው ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የካርቦን ፍሬም መጠን የተለየ ውድ ቅርጽ ማውጫ ስለሚያስፈልግ መጠን በቀነሰ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል። ለአካባቢው ሠሪ ግን ‹በልክህ እሠራልሃለሁ› የሚለው ዋነኛ መከራከሪያው ለአብዛኛው ጋላቢ ትርጉም አጣ፤ ከሰውነት መጠናቸው የተነሣ መደብር ውስጥ ልካቸውን የማያገኙ ጥቂቶች ብቻ ቀሩለት። ካርቦኑ ራሱ ከዚያ በኋላ የወሰደበት ጥገናውን ነው፤ የተሰነጠቀ ካርቦን ሊጠገን ቢችልም ሙያውም መሣሪያውም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ወረፋው ልምጣ። ሦስት ዓመት የሚጠበቅለት ሠሪ ጽሑፋችሁ ውስጥ እንደ ባለጠጋ ቀርቧል። እስቲ በዓመት 40 ፍሬም የሚሠራ ሰው 120 ትእዛዝ ተቀብሏል እንበል። ዋጋው የተቆረጠው ደንበኛው ቀብድ በከፈለበት ቀን ነው፤ ቱቦው፣ ጋዙ፣ ቀለሙ፣ የመድን ክፍያውና የቤት ኪራዩ ግን የሚታሰበው ፍሬሙ በሚሠራበት ቀን ዋጋ ነው። ቀብዱ ቀድሞ የመጡትን ደንበኞች ሥራ ለመጨረስ ወጥቷል። ስለዚህ ወረፋው ሀብት መስሎ የሚታይ ዕዳ ነው፤ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዕዳው ይከብዳል፤ ሠሪው ጀርባውን ቢታመም ወይም እጁን ቢቆርጥ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። በዚህ ላይ የዲስክ ፍሬኑ፣ የጎማው ዘንግና የተሸሸጉት ገመዶች መለኪያ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ትእዛዝ ሲቀበል ወቅታዊ የነበረው መለኪያ ሲሠራ አሮጌ ይሆናል፣ ለአዲሱ የሚሆን መያዣ መሣሪያም ይገዛል። ቀብዳቸውን ከፍለው ፍሬማቸውን ሳያገኙ የቀሩ ሰዎች ታሪክ በሙያው ውስጥ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከማጭበርበር ሳይሆን ከሒሳብ ነው፤ የደንበኛውን ምሬት ግን ይህ አያቀልለውም።

ወርክሾፖች የሚቆዩት በምን እንደሆነ ለማየት ጃፓንን መመልከት ይጠቅማል። በ1948 የተጀመረው ኬይሪን የተባለው፣ ውርርድ የሚካሄድበት የብስክሌት ውድድር፣ ወንዶቹ ተወዳዳሪዎች ፈቃድ ባላቸው ሠሪዎች የተሠራ የብረት ፍሬም እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። ደንቡ የወጣው ውርርዱ ላይ የሚቀመጥ ገንዘብ በጋላቢው ብርታት እንጂ በዕቃው ብልጫ እንዳይወሰን ነው፤ ሠሪዎቹን ማቆየቱ ሳይታሰብ የተገኘ ጥቅም ነው። ከ2,000 በላይ የሆኑት ተወዳዳሪዎች በልካቸው ያሠራሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይመለሳሉ። በጣሊያን የዴ ሮዛ ወርክሾፕ ውስጥ የሠራው ናጋሳዋ ዮሺያኪ ወደ አገሩ ተመልሶ ለናካኖ ኮኢቺ ፍሬም ሠራ፤ ናካኖም ከ1977 እስከ 1986 ድረስ በተከታታይ 10 ጊዜ በአጭር ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እዚያ የቀረው በድሮ ትዝታ የተያዘ ገዢ ሳይሆን ብስክሌቱን ለኑሮው የሚፈልግ የቅርብ ደንበኛ ነው።

ከእንግሊዝም ሁለት ምሳሌ ልጨምር። በ1946 በደርቢ የተመሠረተው መርሲያን በ2024 ሥራ ማቆሙን ባስታወቀ ጊዜ የታደጉት የዚያው ከተማ ብስክሌት ወዳዶች ናቸው። በሊድስ የቦብ ጃክሰን ወርክሾፕ ሊዘጋ ሲል ስሙን የተረከበው እዚያው ሊድስ የሚገኘው ዉድረፕ የተባለው የብስክሌት ወርክሾፕ ነው። ሁለቱም ዘንድ ጥገናና ቀለም የሥራው አካል ሆኖ የቆየ ነው።

ኤግዚቢሽኖቹን አልቃወምም። በ2005 በሂውስተን የተጀመረው የሰሜን አሜሪካው፣ በ2011 በብሪስቶል የተጀመረው የእንግሊዙ፣ በ2023 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ የተጀመረውም ሠሪውን ከሠሪ አስተዋውቀዋል። ይሁን እንጂ ለትርኢት የሚሠራ ፍሬም ለወራት የሚሞረድ ጌጥ ነው፤ ጀማሪውን ለየትኛው ገበያ እንደሚሠራ ያሳስተዋል። ሪቻርድ ሳክስና ፒተር ዋይግል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ተነሥተው ለንደን ውስጥ ዊትኮም በተባለው ወርክሾፕ የተማሩት በሥራ መሀል፣ ለተራ ደንበኛ የሚወጣ ፍሬም እየሠሩ ነበር። የዛሬው ጀማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሳምንት ትምህርት ወስዶ በአሥረኛው ፍሬሙ ራሱን ባለሙያ ብሎ ለመጥራት ይገደዳል፤ የሚያስጠጋው ወርክሾፕ ብዙ ትርፍ ስለሌለው ተማሪ ሊቀጥር አይችልም።

ዘጋቢያችሁ ወደዚህ ጉዳይ የሚመለስ ከሆነ አንድ ጥያቄ እንዲጨምርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሠሪውን ስንት ደንበኛ እንደተሰለፈለት ከመጠየቅ በፊት፣ ባለፈው ወር ስንት የተሰበረ ፍሬም እንደጠገነና ባለቤቶቹ ወደ ወርክሾፑ በብስክሌት ሊደርሱ የሚችሉ ሰዎች መሆን አለመሆናቸውን ይጠይቅልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የብየዳ ባለሙያ አንባቢያችሁ