የደምቢዶሎን አሮጌ የቤቴል ጸሎት ቤት ታሪክ ለማሰባሰብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለቤቴል ቤተሰቦች፣ ለደምቢዶሎ ተወላጆችና ወዳጆች፣ በያላችሁበት፤

አያቶቻችን ሳዮ እያሉ በሚጠሩት አገር፣ በደምቢዶሎ ሚሽን ግቢ ስለ ተመሠረተው አሮጌ የጸሎት ቤት ይህን መልእክት ስንጽፍላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ በዚያ ተጠምቃችሁ ወይም ልጆቻችሁን በዚያ ድራችሁ እንደምታነቡት እናውቃለን።

የቤቱ ታሪክ የሚነሣው ከኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው፣ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ኅዳር ሲታጠን የምንልለት ያ ወረርሽኝ ምዕራቡን አገር ባስጨነቀ ጊዜ፣ የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ከድንበር ማዶ፣ በሱዳን ናስር ይሠራ የነበረውን አሜሪካዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢን መጥቶ ሕዝቡን እንዲያክም ጠየቁት። ሐኪሙም እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ሳዮ ተሻገረ። የላከው የአሜሪካ የዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚሽን ስለነበር ከሕክምናው ጋር ትምህርትና ጸሎት አብረው ተተከሉ። ላምቢ ራሱ ብዙ ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ወደ ማሠራት ገባ፤ በሳዮ የተጀመረው ሥራ ግን ቀጠለ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው፣ በገበያ እየለመኑ ያደጉ ሰው ነበሩ። ማንበብ የማይችሉት እኚህ ሰው ቃሉን በጆሯቸው ሰምተው፣ በልባቸው አኑረው፣ በኦሮምኛ ለወገኖቻቸው እየተናገሩ ከሚሽኑ ሥራ ከተወለደችው ከቤቴል ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ቄሶች አንዱ ለመሆን በቁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጎሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ስለሆነ፣ ሚሽኑ ሳዮ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ መጽሐፉን በገዛ ቋንቋው የሚሰማበት መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። የቄስ ጊዳዳ ልጅ ዶክተር ነጋሶ፣ ኋላ የአገራችን ርእሰ ብሔር የሆኑት፣ የተወለዱት እዚያው ደምቢዶሎ ነው።

ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሚሽነሪዎቹ ለቀው ወጡ፤ ምእመናኑ ግን አልተበተኑም። ቄስ ጊዳዳና ቄስ ማሞ ጮርቃን የመሰሉ የአገሬው አገልጋዮች ጉባኤውን ይዘው ቆዩ። ፕሬስቢቴሪያን የሚለው ስም የመጣው ሽማግሌ ከሚል የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም የምትመራው በተመረጡ ሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ በሽማግሌ መዳኘትን ለለመደው ለእኛ ሕዝብ ይህ ሥርዓት እንግዳ እንዳልነበረና በዚያ ዘመንም ለጽናቱ እንደረዳው እናምናለን። ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1947 ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናኑ ዳግመኛ ያለ መሰብሰቢያ የቀሩበትን ጊዜ ከእናንተ መካከል በዓይናችሁ ያያችሁት አላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በጽሑፍ የሚገኘው በአብዛኛው ሚሽነሪዎቹ ወደ አገራቸው የላኩት ደብዳቤና ሪፖርት ሲሆን፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች መዝገብ የሚጠበቀውም በፊላዴልፊያ ነው። እንጨቱን የተሸከሙት፣ ጭቃውን የረገጡት፣ ሚሽነሪዎቹ በሌሉበት ጊዜ ሰንበትን ሳያስታጉሉ የተሰበሰቡት ሰዎች ታሪክ ግን ያለው በልጆቻቸው አፍ ነው፤ እነዚያም ልጆች ዛሬ አርጅተዋል። ልናነጋግራቸው ቀን ቆርጠንላቸው ከነበሩት እናቶች አንዷ ቀጠሯችን ሳይደርስ አረፉ። እኚህ እናት መዝሙሮቹ በመጀመሪያ በምን ዜማ ይዘመሩ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰው ነበሩ። ይህን ጥሪ ከዚህ በላይ ላለማዘግየት የወሰንነው ከእርሳቸው ቀብር በተመለስን ቀን ነው።

ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚውለው በደምቢዶሎና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩትን አረጋውያን ቃል በድምፅ ለመቅዳት ይሆናል። ለመቅጃ መሣሪያ፣ ለመጓጓዣ፣ እንዲሁም በኦሮምኛ የተነገረውን ቃል በቃል ጽፈው ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ወጣቶች አበል ያስፈልገናል። ቀጥሎ ከፊላዴልፊያው መዝገብ የሳዮን ጣቢያ የሚመለከቱ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ቅጂ እናስመጣለን፤ በመጨረሻም ሁለቱን ወገን አጣምሮ የያዘ መጽሐፍ በሁለቱም ቋንቋዎች ይታተማል። የሕንፃ ጥገና ለብቻው ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ጥሪ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለቆርቆሮም ሆነ ለሲሚንቶ አይውልም።

የመጠን ገደብ አላደረግንም። በውጭ አገር የምትኖሩ በየማኅበራችሁ ተነጋግራችሁ በአንድነት ብትልኩ የማስተላለፊያው ወጪ ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የገቢና የወጪው ዝርዝርም በየሦስት ወሩ በጉባኤ ፊት ይነበባል።

ገንዘብ የማይመቻችሁ ብትኖሩ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የጥምቀት ወይም የጋብቻ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ የመዝሙር ደብተር በቤታችሁ እንዳለ ፈልጉልን። ዋናውን መስጠት አይጠበቅባችሁም፤ በስልካችሁ አንስታችሁ ላኩልን። ፎቶግራፍ ከሆነ ግን እባካችሁ ጀርባውንም አንሱት፤ የሰዎቹ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።