ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ፦ በዚህ ጉዞ አስጎብኚዎቹ ልጆቻችሁ ናቸው

ይድረስ ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ስቶክሆልም

ጤና ይስጥልኝ ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ግንቦት 15 ቀን ቅዳሜ፣ በፈረንጆቹ ሜይ 23፣ ክፍል ገብተን አንማርም። በዚያ ቀን ስቶክሆልምን በቱነልባና (በምድር ውስጥ ባቡር)፣ በጀልባና በትራም እየዞርን እንጎበኛለን። የሚያስጎበኙን የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የሚያስጎበኙትም በአማርኛ ነው። ለዚህ ጉዞ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ከፈቃዱም በላይ ግን ራሳችሁ እንድትመጡ እለምናችኋለሁ።

አምና አብራችሁን የነበራችሁ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አውቶብስ ተከራይተን፣ አስጎብኚ ቀጥረን ነበር። አስጎብኚው በስዊድንኛ ሲያወራ ከልጆቹ ግማሹ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ግማሹ ተኝቷል፤ ወላጆችም ከኋላ ተቀምጠን የራሳችንን ጨዋታ ያዝን። ስንመለስ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እጄን ይዛ «ዛሬ የት ነበር የሄድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ቅዳሜያችሁንም ገንዘባችሁንም ሰጥታችሁን ልጆቹ ከተማቸውን በመስኮት አይተው ተመለሱ። ዘንድሮ እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም።

ስለዚህ ካለፈው መስከረም ጀምሮ አስጎብኚ ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ ተካፍለው ሲያጠኑ ቆይተዋል። ቤት ውስጥ ድንገት ስለ መርከብ ወይም ስለ ባቡር ጣቢያ የጠየቋችሁ ካሉ ምክንያቱ ይህ ነው።

የምንነሳው ከቴንስታ ጣቢያ ነው። ብዙዎቻችሁ በዚያ መስመር ስለምትኖሩ ይመቻችኋል ብለን ነው፤ ለእኔ ግን ሌላም ምክንያት አለኝ። የስቶክሆልም ቱነልባና 100 ጣቢያዎች ሲኖሩት ከ90 በላይ በሚሆኑት ውስጥ የሥነ ጥበብ ሥራ አለ። ቴንስታን የሠራችው ሠዓሊ ሄልጋ ሄንሸን ናት፤ ጊዜውም ሰማያዊው መስመር የተከፈተበት 1975 ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሥራዋን «ጽጌረዳ ለስደተኞች» ብላ ሰየመችው። ያኔ ከእኛ አብዛኞቹ እዚህ አገር አልነበርንም፤ አበባው ግን ቀድሞን ግድግዳው ላይ ነበር። ወንድማማችነትና እህትማማችነት የሚለው ሐሳብም በልዩ ልዩ ቋንቋ ተጽፎበታል። ትንንሾቹ ልጆች ስንት ቋንቋ እንዳገኙ ቆጥረው እንዲነግሩን ጠይቀናቸዋል፤ እናንተም አብራችኋቸው ቁጠሩ።

ከዚያ ቬስትራ ስኩገን ላይ መስመር ቀይረን ወደ ሶልና ሴንትሩም እንሄዳለን። እዚያ ጣሪያው ደም የመሰለ ቀይ ሰማይ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ጫካ በግድግዳው ላይ እየተከተለ ይሄዳል። ሥዕሉ በ1970ዎቹ ስዊድናውያንን ያሳስባቸው የነበረውን ጉዳይ ያነሳል፤ ገጠሩ ሰው እየለቀቀው ወደ ከተማ መፍለሱን፣ የደኑንም መመናመን። ይህን ጣቢያ የያዘው ልጅ የዛፉን ስም በአማርኛ አጥቶት ተቸግሮ ነበር። ፎቶ አንስቶ ጎጃም ላሉት አያቱ ላከላቸው። እሳቸውም አይተው «ይሄማ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ማን ቆረጠው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ሰዓት ሙሉ ስለ ጥድ፣ ስለ ዋንዛ፣ በልጅነታቸው ስለነበረው ጫካ አወሩት። ልጁ ከአያቱ ጋር በስልክ ከ«ደህና ነኝ» ያለፈ ነገር ሲያወራ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን እናቱ ነግራኛለች።

ቀጣዩ የመሀል ከተማው ዋና ጣቢያ፣ ቴ-ሴንትራሌን ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን በጥድፊያ ነው የምታውቁት። በሰማያዊው መስመር መሳፈሪያ ላይ ነጩ ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ሐረግና ቅጠል ወጥቶበታል። ፔር ኡሎፍ ኡልትቬት የተባለ ሠዓሊ የሠራው ሲሆን፣ ብዙ ሰው በሚጋፋበት ቦታ ዓይን እንዲያርፍ ብሎ ነው። ከቅጠሉ አለፍ ብሎ ደግሞ የሰዎች ጥላ ተስሏል፤ ጣቢያውን የሠሩት በያጆች፣ አናጢዎችና ቀን ሠራተኞች ናቸው። ከእናቶቻችን አንዷ በዚያ ጣቢያ ለዘጠኝ ዓመት በሌሊት ፈረቃ ስታልፍ ኖራለች። ልጇ የተማረውን ሲነግራት «እኔ እኮ ሁሌ መሬት መሬቱን ነበር የማየው» አለችው። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ቆማ አይታው ፎቶ ላከችልኝ። ከተማዋን በሌሊት ፈረቃ ብቻ የምታውቋት ጥቂት አይደላችሁም። ይህ ጉዞ በቅድሚያ ለእናንተ ነው።

በአሮጌው ከተማ፣ በጋምላ ስታን፣ ብዙ አንቆይም። ሞርተን ትሮትሲግ የሚባለው መተላለፊያ ጠባብ በሆነበት ቦታ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በሁለት እጅ ሁለቱንም ግድግዳ መንካት ይቻላል፤ ልጆቹ ይወዱታል። 36 ደረጃ ስላለው የልጅ ጋሪ የያዛችሁ በሌላው መንገድ ትዞራላችሁ፣ አንዲት መምህርት አብራችሁ ትሆናለች። በቤተ መንግሥቱ በኩል ስናልፍ አንድ ልጅ ቆሞ በ1924 ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ስቶክሆልምን መጎብኘታቸውን ይነግረናል።

ከስሉሰን በ82 ቁጥር ጀልባ ወደ ዩርጎርደን ደሴት እንሻገራለን። ጀልባው የከተማው ትራንስፖርት አካል ስለሆነ የተለየ ክፍያ የለውም። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው፤ እኔም ስቶክሆልም በገባሁ በአራተኛ ዓመቴ ነው የሰማሁት። ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ላይ ለመውጣት የሚያስፈልገው የኤስኤል (የከተማው ትራንስፖርት) ትኬት ብቻ ነው።

ከተሻገርን በኋላ ረጅሙን ጊዜ የምንቆየው በቫሳ ሙዚየም ነው። ቫሳ ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ያሠራው የጦር መርከብ ነው። በኦገስት 10፣ 1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ፣ ሰው ሁሉ ከወደቡ ቆሞ እያየው ሰጠመ። በላዩ 64 መድፍ ተደርድሮበት ከላይ ከብዶ ነበር፤ ነፋስ ገፍቶ ሲያጋድለው በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። ከመነሣቱ በፊት 30 መርከበኞች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እየሮጡ ሚዛኑን ሲፈትኑ እጅግ ስለተወዛወዘ ፈተናው ተቋርጦ ነበር። ጉዞው ግን አልቀረም። የባልቲክ ባሕር ጨው ስለሚያንሰው እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ ስለዚህ መርከቡ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 24፣ 1961 ሲወጣ አብዛኛው አካሉ እንዳለ ተገኘ። መርከቡ ሲሰጥም በኢትዮጵያ አፄ ሱስንዮስ ነግሠው ነበር። ይህን የጨመረችው የታሪክ መምህርታችን ናት፤ ልጆቹ ሁለቱን አገር በአንድ ዘመን እንዲያስቡ ብላ።

ቫሳን የምታስጎበኘው ልጅ መጀመሪያ የጻፈችው «መርከቡ ወደቀ» ብላ ነው። መምህርቷ «ምን ላይ ወደቀ?» ስትላት አሰበች፤ «ውሃ ውስጥ ገባ» አለች። እሱም አልበቃትም። መጽሐፍ አገላብጣ፣ አባቷን ጠይቃ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ሰጠመ» የሚለውን ይዛ መጣች። አሁን ያችን ቃል ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ በመሀል ቃል ሲጠፋው ቆዩለት። ፈጥናችሁ በስዊድንኛ አታቀብሉት፤ ሌላው ሰውም እንዳይስቅ ዓይናችሁን ጣሉበት። ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን አንድ ልጅ «አያቴ ሞቱ» ማለት ፈልጎ «አያቴ ሞተች» ሲል ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ለአራት ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አልተናገረም። እንዲህ ያለውን ነገር ክፍል ውስጥ በእርጋታ እናርመዋለን። በዚያ ቀን የእናንተ ድርሻ ማዳመጥና መጠየቅ ነው። «ማን ሠራው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የማታውቁትን ነገር ከልጃችሁ በአማርኛ ስትሰሙ ልጁ ፊት ላይ የሚታየውን እኔ በልምምዱ አይቼዋለሁ፤ እናንተም እንድታዩት እፈልጋለሁ።

ምሳችንን ሙዚየሙ አጠገብ ባለው ሣር ላይ እንበላለን። ከዚያ በ7 ቁጥር ትራም ወደ መሀል ከተማ፣ ከዚያም በቀዩ መስመር ወደ ስታዲዮን እንሄዳለን። ጣቢያው በሰማያዊ ዋሻ ውስጥ ቀስተ ደመና ተስሎበታል፤ ከላይ ያለው የጡብ ስታዲየም ለ1912 ኦሎምፒክ የተሠራ ነው። የመጨረሻው አስጎብኚ እዚያ የሚያወራው ስለ ኦኒ ኒስካነን ነው። በሮም 1960 በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ 1964 ደግሞ ጫማ አድርጎ ማራቶን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት እኚህ ስዊድናዊ ናቸው። ገንዘቤ ዲባባ በ2014 የቤት ውስጥ የ3,000 ሜትር ክብረ ወሰን የሰበረችውም በዚችው ከተማ፣ በግሎብ አዳራሽ ነው። ልጆቻችን ሁለቱን አገር አጣምሮ የያዘ ታሪክ ከእነሱ በፊት መኖሩን ሲሰሙ የሚሰማቸውን ኩራት በልምምዱ አይቻለሁ።

ስለ ደኅንነታቸው የምትጨነቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም እጨነቃለሁ። ባለፈው ወር ለልምምድ ስንወጣ ቴ-ሴንትራሌን ላይ በሩ ተዘግቶ አንድ ተማሪ ባቡሩ ውስጥ ቀርቶብን ነበር። ልጁ እንዳስተማርነው ቀጣዩ ጣቢያ፣ ኩንግስትሬድጎርደን፣ ላይ ወርዶ መሳፈሪያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን፤ በሚቀጥለው ባቡር ደረስንበት። እነዚያ ደቂቃዎች ለእኔ ረጅም ነበሩ። ስለዚህ በጉዞው ቀን ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደባል፣ በእያንዳንዱ መሳፈሪያ ስም እየጠራን እንቆጥራለን፣ አዋቂው በመጨረሻ ይገባል፣ በመጨረሻም ይወርዳል። እናንተም ቤት ውስጥ ይህን አስጠኗቸው፦ ባቡር ውስጥ ከቀረህ በሚቀጥለው ጣቢያ ውረድ፣ እዚያው ተቀመጥ፣ ፈልገህ አትሂድ፣ እኛ እንመጣለን። ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በኪሳቸው ክተቱ፤ የስልክ ባትሪ አይታመንም።

የምንገናኘው ቴንስታ ጣቢያ መግቢያ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ በስዊድን አቆጣጠር 9፡30። ባለፈው ስብሰባ «3 ሰዓት» ብለን ጽፈን ከቀትር በኋላ የመጡ ወላጆች ስለነበሩ በሁለቱም ጻፍኩት። የምንለያየው ስታዲዮን ጣቢያ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማለትም 16፡00 ላይ ነው። የወር ካርድ የሌላችሁ የቀኑን ትኬት ቀድማችሁ ግዙ፤ የአንድ ጉዞ ትኬት ለ75 ደቂቃ ብቻ ስለሚያገለግል አያዋጣችሁም። ቫሳ እስከ 18 ዓመት ላሉት ነፃ ነው፤ የአዋቂዎችን መግቢያ አምና ለአውቶብስ ካወጣነው ገንዘብ ባነሰ ወጪ ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል። ዳቦና ሳምቡሳ እናቶች ተከፋፍለው ያመጣሉ፤ ውሃና የዝናብ ልብስ ግን እያንዳንዱ ልጅ ይያዝ። ስቶክሆልም በግንቦትም ልብሷን ትቀያይራለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ግንቦት 8 ቀን ቅዳሜ በልጃችሁ እጅ ላኩልን። «አብሬ እመጣለሁ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ አትርሱ። ቅዳሜ ሥራ ላይ የምትሆኑ ቢያንስ ለአንዱ ጣቢያ ድረሱ፤ የምትደርሱበትን ቦታና ሰዓት ጻፉልን፣ ልጃችሁ ተራውን እዚያ እንዲያደርግ አስተካክለን እንጠብቃችኋለን።

በታላቅ አክብሮት፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት