ድስቱ ያለው ጆሃንስበርግ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ፊሊፕ ግላስ «ሳትያግራሃ» ኦፔራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ገበያ አልነበረም። «ጋንዲ በሕንድ ያደረገውን ትግል የሚተርክ» ይላል። እኔን ያንገበገበኝ «በሕንድ» የምትለዋ ናት።

ኦፔራው ሲከፈት የሚታየው ጦረኛው አርጁናና የሂንዱዎቹ አምላክ ክሪሽና የቆሙበት የኩሩክሼትራ የጦር ሜዳ ነው። ይሁን፣ እሱ የሕንድ ነው። የጋንዲ ታሪክ ግን ከዳር እስከ ዳር ደቡብ አፍሪካ ነው። ሰውዬው እዚህ የመጣው በ1893፣ ጠቅልሎ የሄደው በ1914 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ)። «ሳትያግራሃ» የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው እዚሁ ነው፤ እውነትን የሙጥኝ ማለት እንደማለት ነው። ኦፔራው በ1980 ሮተርዳም ላይ መጀመሩን አልሳታችሁም። ለሮተርዳም የተገኘው ቦታ ለጆሃንስበርግ ታጣ?

የኦፔራው ሁለተኛ ገቢር የሚዘጋው በ1908ቱ ተቃውሞ ነው። አሻራ ስጡ፣ ወረቀት ያዙ የሚል ሕግ የወጣባቸው ሕንዶች እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ሐሚዲያ መስጊድ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ሂንዱውም ሙስሊሙም። ከ2000 በላይ የምዝገባ ወረቀት ባለሦስት እግር ብረት ድስት ውስጥ ከተው፣ ላምባ አርከፍክፈው አነደዱት። እኛ ሐበሾች ከምንነግድበት ከጄፒ ተነስቶ መስጊዱ ጋ በእግር ይደረሳል።

እኔ ወረቀቴን አራት ጊዜ አሳድሻለሁ። አራቱንም ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወጥቼ ተሰልፌአለሁ። አንዴ በሩ ጋ ልደርስ ሁለት ሰው ሲቀረኝ «ነገ ተመለስ» ተብያለሁ። እና ስለዚያ ድስት የተዘፈነውን ወስዳችሁ ሕንድ ስታደርሱት ቅር አይለኝም? እኛማ እናንተ ጋ የምንወጣው ሱቃችን ሲዘረፍ ነው።

ደግሞ ቋንቋው «ሕንድኛ» ተብሏል። ሳንስክሪት ነው፤ ግጥሙ በሙሉ ከሂንዱዎቹ ቅዱስ መጽሐፍ ከባጋቫድ ጊታ የተወሰደ ነው። ጸሐፊያችሁ ቃሉ ስላልገባው ሰልችቶታል። እኔ ሰንበት በሰንበት በግዕዝ እያስቀደስኩ ነው ያደግኩት። ቃል በቃል ይገባኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። የደከመኝ ግን እግሬን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።

«አንዱን ነገር ይደጋግማል» ያለውም የመጨረሻውን ዜማ ይመስለኛል። ጋንዲን የሚጫወተው ድምፃዊ ስምንት ኖታ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ይወጣል። ይመለስና እንደገና ከታች ይጀምራል። 30 ጊዜ። ብርድ ልብስ የምረከባቸው የሕንድ ዘር ሽማግሌ አሉ፤ ስልኬን አቀብዬ አሰማኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዳመጡ። ሲያልቅ ክሪሽና ለአርጁና የነገረው ነው አሉኝ፤ ጽድቅ በደከመ ቁጥር በየዘመኑ እወለዳለሁ ይላል። ታዲያ በየዘመኑ የሚመለስ ነገር አንዴ ተዘፍኖ እንዲያበቃ ነው የፈለጋችሁት? አዛውንቱ ሒሳቡን ሳይጠይቁኝ ነው የወጣሁት፤ በነጋታው ግን ደወሉ።

ማረሚያ እንደማታወጡ አውቃለሁ። ካወጣችሁ ግን መስጊዱ ደጃፍ ለመታሰቢያ የቆመ ድስት አለ። እሁድ ሱቅ ዘግቼ ሄጄ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ። አላስከፍልም።

አንባቢያችሁ፣ ከጆሃንስበርግ