ልጄን ከመውቀሴ በፊት መስመሩን ባየው ኖሮ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ቤት ኢንተርኔት መዘግየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ጸሐፊው ጥፋቱን በሙሉ ልጆች ላይ ጥለውታል፤ ጌምና ቪዲዮ ያበዛሉና ወላጅ ስልካቸውን ይቀማ ይላሉ። እኔም እንዲሁ አስቤ የ15 ዓመት ልጄን ሁለት ሳምንት ስልክ ነፍጌዋለሁ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሌላ ወላጅ የእኔን ስሕተት እንዳይደግም ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የምኖረው ኮተቤ ነው። የስልክ መስመር ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትልቋ ልጄ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች የዲዛይን ሥራ በኢንተርኔት ትሠራለች፤ የእነሱ ቀን የእኛ ማታ ስለሆነ ሥራዋ የሚደራው ከእራት በኋላ ነው። ባለቤቴ በግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ዕቃ ደጋግሞ ቢጠፋባት አራት ካሜራና ቀረጻውን የሚያስቀምጥ ዲቪአር አስገጠምን።

ችግሩ የጀመረው ካሜራው በገባ በወሩ ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱን ነገር ማንም አላገናኘውም። ማታ ማታ አዲስ ገጽ አልከፈት ይላል። የሚገርመው ልጄ ቀድማ የጀመረችው የቪዲዮ ስብሰባ አይቋረጥም፤ አዲስ ነገር ልክፈት ስትል ነው የሚያስቸግራት። መስመር አቅራቢው ለክቶ ደህና ነው አለን፤ ደህናም ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ትንሹ ዞርን። «አባዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለኝ። አላመንኩትም። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን አያቱ ዘንድ በሄደበት ሳምንት ኢንተርኔቱ እንደዚያው ሆነ። ትልቋ ልጄ «እሱ እኮ እዚህ የለም» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሥራዬ ዘመን መስመር ሲበላሽ በግምት አንናገርም ነበር። ሳጥኑን ከፍተን፣ ጥንዱን ሽቦ ለይተን፣ የመፈተሻ ስልክ ሰክተን እንለካለን። በቤቴ ግን ሳልለካ ፈረድኩ። እንዴት ይለካል ብዬ ስጠይቅ የልጄ የሥራ ባልደረባ «ማኔጅድ ስዊች ግዙ» አለን።

ስዊች ማለት የቤትን ወይም የቢሮን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን ነው። በፊት ሀብ የሚባል ነበር፤ ሀብ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፣ አንዱ የላከውን ለሁሉም ያሰማል። ስዊች ግን እንደ ፖስታ ቤት ነው፤ የእያንዳንዱን ዕቃ አድራሻ ለይቶ ስለሚያውቅ ደብዳቤውን በባለቤቱ ሳጥን ብቻ ያስገባል። ለዚህ ነው ተራ ስዊች ላይ ላፕቶፕ ሰክታችሁ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ልታዩ ብትሞክሩ የሌላው ዕቃ መልእክት የማይደርሳችሁ። ማኔጅድ የሚባለው ግን ትእዛዝ ይቀበላል። ፖርት ማለት የኬብል መሰኪያው ነው፤ ፖርት ሚረሪንግ በሚባለው ቅንብሩ «በዚህ ፖርት የሚገባና የሚወጣውን ሁሉ አንድ ቅጂ ወደዚያኛው ፖርት ላክ» ይባላል፤ ይልካልም። ባለአምስት ፖርቱ ትንሽ ነው፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ዋጋውም የሚፈራ አይደለም። ስትገዙ ግን ሚረሪንግ እንዳለው አረጋግጡ፤ ያለዚያ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንድ ነገር ሁለት ቀን አድክሞናል። የእኛ ዋይፋይ የሚወጣው ከራሱ ከአቅራቢው ራውተር፣ ማለትም ቤቱን ከኢንተርኔት ከሚያገናኘው ሳጥን ነበር። እንዲህ ሲሆን ስልኮቹ የሚልኩትና የሚቀበሉት በስዊቹ ሳያልፍ በቀጥታ ይወጣል፤ የምታዩት በኬብል የተያያዘውን ብቻ ነው። ስለዚህ የራውተሩን ዋይፋይ አጥፍተን ከስዊቹ በኋላ ሌላ የዋይፋይ ማሠራጫ አስገባን። ማሠራጫውም «አክሰስ ፖይንት» በሚባለው ሁኔታ መሥራት አለበት፤ ራውተር ሆኖ ከሠራ ስልኮቹን ሁሉ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ስለሚደብቃቸው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። 1ኛው ፖርት ላይ የአቅራቢውን ራውተር፣ 2ኛው ላይ ዋይፋዩን፣ 3ኛው ላይ ዲቪአሩን፣ 4ኛው ላይ የትልቋ ልጄን ኮምፒውተር ሰካን። ከዚያ የ1ኛውን ቅጂ ወደ 5ኛው አዘዝን፤ 5ኛው ላይ አሮጌ ላፕቶፕ። ከቤት የሚወጣ ሁሉ በ1ኛው ስለሚያልፍ እሱን ማየት ይበቃል። ላፕቶፑ ላይ የጫንነው በኬብሉ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳየውን ዋየርሻርክ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ በ1998 በፈረንጆቹ ኢተርየል በሚል ስም የተጀመረ ነው።

እንደከፈትነው መስኮቱ በአንድ አድራሻ ተሞላ። የትንሹ ልጄ ስልክ አይደለም። ዲቪአሩ ነው። በየሰከንዱ ብዙ መልእክት ይልካል፤ እያንዳንዱ ወደማናውቀው የተለያየ አድራሻ ነው፣ ሁሉም የበር ቁጥር 23ን ያንኳኳሉ። በር የምለው መሣሪያው ለየአገልግሎቱ ያለውን ቁጥር ያለው መግቢያ ነው፤ 23 የቴልኔት በር ነው፤ ቴልኔት መሣሪያን ከሩቅ ለማዘዝ የሚያገለግል የድሮ መንገድ ነው። የሱቅ ካሜራ በሌሊት የዓለምን በር የሚያንኳኳበት ምን ምክንያት አለው? ራውተሩ ደግሞ ለተከፈተ ግንኙነት ሁሉ መዝገብ ይይዛል፤ መዝገቡ ሲሞላ አዲስ አይቀበልም። የተጀመረው ሲቀጥል አዲሱ የሚታገድበት ምሥጢር ያን ጊዜ ገባኝ። ዲቪአሩ ቀንም ሌሊትም ያንኳኳል፤ ማታ ማታ የምናስተውለው ሁላችንም ቤት ስለምንሰበሰብ ነው።

ምልክቱ ሚራይ ከሚባለው ጎጂ ፕሮግራም ጋር አንድ ነው። ሚራይ በ2016 በፈረንጆቹ ካሜራዎችን፣ ዲቪአሮችንና ራውተሮችን እየወረረ ሠራዊት ያደረገ ነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የገጽ ስም ሲጻፍ አድራሻውን የሚጠቁመውን ዳይን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አጥቅቶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ገጾች ለብዙ ሰው እንዳይከፈቱ አድርጓል። የሚገባውም በረቀቀ ጥበብ አይደለም። የወረረው መሣሪያ የሌሎችን የቴልኔት በር ያንኳኳል፤ ከፋብሪካ የወጡ 60 ገደማ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይዞ ይሞክራል፣ የተከፈተለትን ይገባል። ማደሪያው የመሣሪያው ጊዜያዊ ማኅደር ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ በሩ ካልተዘጋ ግን ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሳነብ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔታችን ለጥቂት ጊዜ ይፈጥን እንደነበር አስታወስኩ። ለካ ምክንያቱ በእጃችን ነበር።

ካሜራውን የገጠመልን ባለሙያ ባለቤቴ በስልኳ እንድታይ ብሎ ራውተሩ ላይ ከውጭ ወደ ዲቪአሩ የሚያስገባ በር ከፍቷል፤ ፓስወርዱን ከፋብሪካ እንደመጣ ትቶታል። ሲያስረክበን «ፓስወርዱ አድሚን ነው፣ አትርሱት» ነበር ያለን። ደውዬ ስነግረው «ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የምንገጥመው» አለኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ መልስ ነው። የከፈተውን በር ዘጋን፣ መሣሪያዎች ራሳቸው በር የሚከፍቱበትን ዩፒኤንፒ የሚባል ቅንብር አጠፋን፣ ዲቪአሩን አጥፍተን ካስነሣን በኋላ ፓስወርዱን ቀየርን። የቴልኔቱ ፓስወርድ በቅንብር ገጹ የማይቀየር መሣሪያ ስላለ በሩን መዝጋቱ ከሁሉ ይበልጣል። የስዊቹንም ፓስወርድ ቀየርነው። መልሰን ስናይ ማንኳኳቱ ቆሟል።

አሁን ልቤን ወደከበደው ነገር ልለፍ። ያ መስኮት የካሜራውን ብቻ አያሳይም። የባንክና የመልእክት ገጾች ይዘታቸው የተመሰጠረ ስለሆነ ማን ምን እንደተጻጻፈ አይነበብም፤ ግን የትኛው ስልክ በስንት ሰዓት የትኛውን ገጽ እንደጎበኘ በአብዛኛው ይታያል። የትልቋ ልጄን ስልክ አድራሻ ከጎኑ የገጽ ስም ተጽፎ ሳየው ላፕቶፑን ከደንኩት። ወጣት ሳለሁ አለቃችን ያስተማሩን ሕግ ትዝ አለኝ፤ የመፈተሻ ስልኩን ስትሰካ ሰው ሲያወራ ከሰማህ ወዲያው ንቀል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26ም የሰው ደብዳቤና የስልክ ንግግር እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ ልጅ ሆነ ብሎ ይህ ክብር የሚቀርበት አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ስዊቹን ለማየት ስፈልግ ለቤተሰቡ እናገራለሁ፤ ዋየርሻርክም የዲቪአሩን አድራሻ ብቻ እንዲይዝ ማጣሪያ አስገብቼለታለሁ። ልጆቻችሁን ለመሰለል ይህን ዕቃ እንድትገዙ አልመክራችሁም። መሣሪያን መርምሩበት፤ ሰውን ጠይቁት።

ትንሹን ልጄን ባለቤቴና እኅቱ ባሉበት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ ቤት ልማድ አልነበረም። «ችግር የለም፣ አባዬ» አለና ስዊቹ እንዴት እንደሚሠራ እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሁን አብረን እናያለን፤ ማጣሪያውን የሚጽፈው እሱ ነው።

አዘጋጁን የምለምነው ይህ ነው። ካሜራ የሚሸጡና የሚገጥሙ ባለሙያዎች ከደንበኛው ቤት ከመውጣታቸው በፊት ፓስወርዱን ደንበኛው ራሱ እንዲቀይር እንዲያደርጉ በገጻችሁ ጻፉላቸው። አንባቢዎቻችሁም ካሜራ ያላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ፓስወርዱን እዩ፤ «አድሚን» ከሆነ ቀይሩት፣ ራውተሩ ላይ የተከፈተ በር መኖሩንም ጠይቁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የስልክ መስመር ሠራተኛ
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ