ፍም ይዛችሁ በር አትዝጉ
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ብርዱ ጠንክሯል። ባለፈው ሳምንት ማታ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ፍሙን ከነምድጃው መኝታ ቤት አስገባችው፤ ልጆቹን እንዲያሞቃቸው ብላ ነው። መስኮቱ ዝግ፣ የበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ በጨርቅ ተወትፏል። ትልቋ ልጅ «እማዬ፣ ራሴን አመመኝ» ብላ ባትነሳ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ብዙዎቻችን ከሰሉ ጭሱ ካለቀለት አይጎዳም እንላለን። ስህተት ነው! ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። እባካችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጡት። አመዱንም ወዲያው በፌስታል አትጣሉት፣ ውስጡ ፍም ያድራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ሁላችሁም ቶሎ ውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ