ከ«ላይፍ» በፊት «ቩ» ነበረች

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ስለ ፎቶ ጋዜጠኝነት ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንደኛው የአሜሪካውን «ላይፍ» የፎቶ ዜና መጽሔቶች ሁሉ እናት ማድረጋችሁ ነው። (ዓመቶቹን እንደ እናንተው በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

አሜሪካዊው አሳታሚ ሄንሪ ሉስ «ላይፍ»ን በ1936 የፎቶ መጽሔት አድርጎ ሲያወጣው፣ ፓሪስ ላይ «ቩ» የምትባል ሳምንታዊ መጽሔት ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ስሟ በፈረንሳይኛ «የታየ» ማለት ነው። በማርች 1928 የመሠረታት ሉሲየን ቮዥል እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በፋሽን መጽሔቶች ነበር፤ ቀሚስ ሲያሳይበት የኖረውን ዓይን ወደ ዜና አዞረው ማለት ይቻላል። እሱም ቢሆን ከባዶ አልተነሳም፤ በርሊን ላይ ጀርመኖች ቀድመውት ነበር። ለ«ቩ» እንደነ አንድሬ ኬርቴስና ዤርሜን ክሩል ያሉ ፎቶ አንሺዎች ሠርተውላታል። በእሷ ገጾች ላይ ፎቶ የጽሑፍ ማስጌጫ አልነበረም፤ ወሬውን የሚያወራው ራሱ ፎቶው ነበር።

ከሁሉ በላይ ጽሑፋችሁ ውስጥ ባየው ደስ ይለኝ የነበረው ግን የቮዥል ልጅ የማሪ ክሎድ ታሪክ ነው። በ1933 ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። ጀርመንኛ ስለምትችል ከመጽሔቷ ሰዎች ጋር ወደ ጀርመን ሄደች፤ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። የዳካውንና የኦራኒየንቡርግን ማጎሪያ ካምፖች በድብቅ ፎቶ አነሳች። ፎቶዎቹ ሜይ 3 ቀን «ቩ» ላይ ወጡ። ዳካው የተከፈተው ማርች 22 ነው፤ ገና ስድስት ሳምንቱ ነበር! ስለዚያ ዘመን ሲወራ «ማን አወቀ?» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ያቺ እትም ናት። ማሪ ክሎድ ራሷ በፀረ ናዚ ትግል ተይዛ በ1943 ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ ተጋዘች። ከዚያ ተርፋ በጃንዋሪ 1946 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ፊት ቆማ ያየችውን መሰከረች።

ሁለተኛው ነገር የጦርነት ፎቶ አንሺው የሮበርት ካፓ ፎቶ ነው፤ ያ ጠመንጃው ከእጁ እያመለጠ ወደ ኋላ የሚወድቀው የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተዋጊ። ከሥሩ «በሴሮ ሙሪያኖ ግንባር ጥይት በመታው ቅጽበት» ብላችሁ ጽፋችኋል። ፎቶው መጀመሪያ የታየው በ«ቩ» የሴፕቴምበር 23 ቀን 1936 እትም ነው፤ «ላይፍ» ያወጣው ከአሥር ወር ያህል በኋላ ነው። «ቩ» ላይ ደግሞ ብቻውን አልነበረም። ከሥሩ ሌላ የሚወድቅ ሰው አለ፤ ሰውየው ሌላ፣ መሬቱ ግን ያው። ሁለት ሰው እዚያችው ነጥብ ላይ፣ አንድ ካሜራ ፊት? ፎቶው ተቀናብሮ ይሆን እንዴ የሚለውን ክርክር ካባባሱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ኋላም ከጀርባ የሚታዩትን ኮረብቶች ያመሳከሩ ተመራማሪዎች፣ ቦታው ሴሮ ሙሪያኖ ሳይሆን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኤስፔሆ ነው ብለዋል። ካፓ ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የሚሟገቱለት አሉ። ግን ይህን ያህል ያከራከረ ፎቶ ሥር እንዲያ በእርግጠኝነት አይጻፍም።

ቮዥል በዚያ ጦርነት ከመንግሥት ወገን ለተዋጉት የስፔን ሪፐብሊካኖች ማድላቱ በዚያው ዓመት ከገዛ መጽሔቱ አስወጣው። «ቩ»ም በ1940 ቀረች። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው የፈረንሳይ መጽሔት «ፓሪ ማች» የመጣው በ1949 ነው፤ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤቱ ዣን ፕሩቮ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን «ማች» መልሶ ሲያስነሳው።

ጽሑፉ ድረ ገጻችሁ ላይ ስላለ፣ ቢያንስ የካፓን ፎቶ መግለጫ አስተካክሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ